የሻጯ ደም

ባየች ከወለደች ሦስት ቀኗ ነው፤ ልጅ ግን የላትም። ኧረ ሞቶባት አይደለም፣ ክፉ አያናግረኝ፤ ሸጣው ነው። ዋጋው አንድ ጣሳ ሩዝ ነበር፤ ያውም ያልተፈተገ። የገዛችው ማናዬ የምትባል ከአጥር ማዶ ያለች ጎረቤቷ ናት፤ ሰባት ወልዳ ሰባቱንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት። ያገሩ ሰው ስለ ማናዬ ሲያወራ፣ ሞት ደጇን አያውቀውም ይላል። ልጅ የሚሸጠውም እንዲህ ላለች ሴት ነው።

ይህን የሰማ የከተማ ሰው ጉድ ይበል። አራት ጊዜ ተረግዞ አራት ጊዜ ባዶ እጁን የቀረ እሱ አይደለም። የባየች የመጀመሪያ ጽንስ ጨነገፈ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወለደች። ሦስቱም ሲወለዱ እንደማንኛውም ሕፃን ነበሩ፤ በማግስቱ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ገላቸው እርድ የነካው መሰለ፣ ከዚያ መጥባት አቆሙ፣ በቃ። ፎገራ ለዚህ ነገር ስም አለው፤ ሾተላይ ይለዋል። ሾተላይ የአንዲትን እናት ልጆች እየመረጠ የሚወስድ ነገር ነው። መልኩን ያየ የለም። ልጁ የማን እንደሆነ ካላወቀ ግን ዝም ብሎ ያልፋል ይባላል። መሸጥ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ባየች ያልሞከረችው አልነበረም። ጣራ ገዳም ወጥታ ሱባኤ ይዛ ጠበል ተጠምቃለች። እዚያ ያሉ አንድ አባት ጉዷን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ጸሎቱን እኛ አንተውም፤ አንቺ ግን ስትወልጂ ወረታ ሐኪም ቤት ውለጂ» ብለዋት ነበር። እሷም ቆርጣ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ምጧ የመጣው የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውኃ በሆነበት በነሐሴ ሳምንት ነው። ከቤቷ እስከ አስፋልቱ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። እቤቷ ወለደች፤ ወንድ። የመንደሩ ሴቶች ልጁን አገላብጠው አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ይሸጥ አሉ።

ሽያጩ ሥርዓት አለው። ልጁ በበር አይወጣም፤ በጓሮ አጥር ላይ አሳልፈው ለገዢዋ ያቀብሏታል። ገዢዋ ሩዙን ትሰፍራለች። ሻጯ ተቀብላ «ተገላገልኩ» ትላለች። ባየችም ይህን ቃል አለችው። ከዚያ በኋላ ሻጯ «ልጄ» አትልም፤ አተኩራም አታየውም። ወተቱ የሷ ስለሆነ ታጠባለች፤ እሱም እንደ ተቀጣሪ፣ ስትጠራ ብቻ ነው። ልጁ ድክ ድክ ብሎ በገዛ እግሩ የወላጅ እናቱን ደጅ እስኪረግጥ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነው። ደሞዝ የሚባለው ባሏ ሩዙን አንድ ጥግ አስቀመጠና ከብቶቹን ከጎርፉ ሊያሸሽ ወደ ከፍታው ነዳ።

ማናዬ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘች የምር ናት። ልጁ የሷ ከሆነ አራሷም እሷ ናት። ስለዚህ በሃምሳ ምናምን ዓመቷ ተኛች። ራሷን በሻሽ ጠፍራ አሰረች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ወገቤን አለች። ሰባቱን ስትወልድ በሳምንቷ ሩዝ ስታርም የዋለች ሴት ናት፤ የአራስ ወግ ምን እንደሆነ ያወቀችው አሁን ነው፤ ወደደችውም። ገንፎውን የምታገነፋላት ባየች ናት። የወለደችው ቆማ ታማስላለች፤ የልጅ ልጅ ያየችው ተኝታ «ቅቤው አነሰ» ትላለች።

«እትዬ ማናዬ፣ ልጁ እያለቀሰ ነው እኮ። ላጥባው?» ትላለች ባየች።

«መቼ ጠራሁሽ? ተቀጣሪ እንዲህ አይቸኩልም። ይነቃብናል» ትላለች ማናዬ፣ ሾተላዩ እዚያ አድፍጦ እንደሚሰማ ሁሉ በዓይኗ ጣሪያውን እያሳየች።

ባየች ወተቷ ቀሚሷን እያራሰው ታማስላለች።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ነፃነት መጣች። ነፃነት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት፤ ወረታ ቤት ተከራይታ ለአንድ ጥናት ትሠራለች። የፎገራ ጨቅላዎች በተወለዱ በሳምንት ውስጥ ለምን ይሞታሉ የሚል ጥናት ነው። ነፍሰ ጡሮቹን ቀድማ ትመዘግባለች፣ ሲወልዱ ተመልሳ ትጠይቃለች፣ የእናትየውን ደም ታያለች። ቦቲ አጥልቃ፣ ታብሌቷን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ክትባት የሚያዝበት ዓይነት ሳጥን በትከሻዋ አንግታ፣ ግማሹን መንገድ በታንኳ ግማሹን በእግሯ መጣች። ባየችን ቤቷ ብታጣት ጭሱን ተከትላ ማናዬ ቤት ገባች።

«ባየች፣ እንዴት ነሽ? አስታወስሽኝ? በግንቦት የመዘገብኩሽ ነኝ።»

«አስታወስኩሽ እንጂ። ግቢ፣ ቁጭ በይ።»

«ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አይደለሁም።»

«እሰይ! ወለድሽ ማለት ነዋ።»

ባየች ወደ ድስቱ አቀረቀረች። «እኔ ምን ልጅ አለኝ ብለሽ ነው» አለች።

የነፃነት ፊት ጠቆረ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ውይ፣ አይዞሽ። ሞተ?» አለች።

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ማናዬ ከአልጋው። «ምን ያለች አፈ ክፉ ናት! በአራስ ቤት ገብታ ሞት ትጠራለች?»

«አልሞተም፣ አልሞተም» አለች ባየችም ደንግጣ።

«ስለዚህ አለ።»

«የለም።»

ነፃነት ታብሌቷን አየች። ታብሌቱ ላይ ያለው ሁለት መልስ ብቻ ነው፤ ልጁ በሕይወት አለ፣ ልጁ በሕይወት የለም። ተሽጧል የሚል የለበትም። ከሁለቱ አንዱ ካልተነካ ደግሞ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አያልፍም፤ ግትር ነው። ነፃነት ጣቷን አንከርፍፋ ባየችን ታያለች፣ ባየች ድስቱን ታያለች። ባየች ልጅቷ አሳዘነቻት። ያን ሁሉ ውኃ አቋርጣ መጥታ እዚህ ጋ መጣበቋ ግፍ ነው። ግን ዝም አይነቅዝም ብላ ማማሰሏን ቀጠለች።

ያን ጊዜ ልጁ አለቀሰ። ድምፁ ቀጭንና የደከመ ነበር።

«ይሄስ የማን ነው?» አለች ነፃነት።

«የኔ ነዋ» አለች ማናዬ ቀና ብላ። «የማን ይሁን?»

ነፃነት ማናዬን አየቻት። ሽበቷን አየች፣ የወየበ ጥርሷን አየች። ነፃነት ሞኝ አይደለችም። ግን ያሠለጠኗት ሰዎች፣ ተጠያቂዋ ያለችውን ጻፉ፣ ከተጠያቂ ጋር አትከራከሩ ብለው ሦስት ቀን ሙሉ ነግረዋታል፤ እሷም ቃል ጠባቂ ናት።

«ዕድሜዎ ስንት ነው፣ እናቴ?»

«አርባ አምስት።»

«አርባ አምስት።»

«ምነው፣ በዛ? አርባ ሦስት በይው።»

ነፃነት አርባ አምስት ብላ ጻፈች። ከዚያ ልጁን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ግንባሩን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፣ ደረቱንም እንዲሁ፣ የዓይኑን ቆብ ገለጥ አደረገች። ባየች ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። አተኩራ ማየት የለባትም፤ ስለዚህ የነፃነትን ፊት አየች። የልጅቷ ፊት ሲኮሳተር ያን ጊዜ አወቀች። ዓይኑ ቢጫ ነው። ሦስት ጊዜ ያየችው ቢጫ ነው። ምሰሶውን ያዘች።

«ከዚህ በፊት ልጅ ሞቶብዎት ያውቃል?» አለች ነፃነት ማናዬን።

«ሰባት ወልጄ ሰባቱም አሉ!» አለች ማናዬ፣ በኩራት። ይህቺ እንኳ እውነት ነበረች።

ነፃነት የማናዬን ጣት በመርፌ ጠቅ አደረገች። ማናዬ ምጥ ላይ ያልጮኸችውን ጩኸት ጮኸች። ጠብታዋ ካርድ ላይ ፈሰሰች፤ ነፃነት ካርዱን ወዲያና ወዲህ አዘነበለችው፣ ጠበቀች፣ አየች። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ፈገግ አለች።

«እግዜር ይመስገን» አለች። «ቢጫውን ሳይ ሾተላይ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።»

የዚያን ነገር ስም ቤት ውስጥ ስትጠራው ማናዬ አማተበች።

«ሾተላይ የደም ነገር ነው፣ እናቴ» አለች ነፃነት። «አንዳንድ እናት ደሟ ኔጌቲቭ የሚባል ዓይነት ይሆናል። የልጇ ደም ከሷ ሲለይ፣ የሷ ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይበላዋል። ሕፃኑ ቢጫ የሚሆነው ለዚያ ነው። የርስዎ ግን ፖዘቲቭ ነው፣ ደህና ነው፤ ሾተላይ ሊሆን አይችልም። ይሄ ተራው ቢጫ ነው የሚሆነው። ቶሎ ቶሎ ያጥቡት። ነገ ከነገ ወዲያ ተመልሼ አየዋለሁ።»

ማናዬ፣ «ተባረኪ፣ እኔም ብዬ ነበር» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ባየች ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አላት። ከዚያ ግን ነገሩ ገባት። የታየው የማናዬ ደም ነው። የማናዬ ደም ደህና መሆኑን ለማወቅ መርፌ ምን ያደርጋል? ሰባቱን ልጆቿን መቁጠር ይበቃል። ቢጫ የሆነው ልጅ ግን ከማናዬ ሆድ አልወጣም። ልጅቷ ደግሞ ሳጥኗን እየዘጋች ነው።

«እኔ የምልሽ፣ እኅቴ» አለች ባየች፣ ድስቱን እያየች። «እንዲያው አንዲት ሴት ብትኖር። እዚህ አይደለም፣ ወደ ሐሙሲት መውጫ ላይ። ሦስት ልጅ ቢጫ እየሆነ ሞቶባት፣ አራተኛው አሁን ቢጫ ቢሆንባት፣ ያቺ ሴት ምን ይሻላታል?»

ነፃነት የሳጥኑን ክዳን ለቀቀችው። «ያቺ ሴትማ አሁኑኑ፣ ዛሬውኑ፣ ልጇን ይዛ ወረታ ትምጣ። በሰዓት ነው የሚቆጠረው። በብርሃን ይታከማል፣ ከባሰም ደሙ ይቀየራል። ቢጫው ወደ አንጎሉ ከወጣ ግን ማንም አይመልሰው። የት ነው ያለችው? ስሟ ማን ነው?»

ማናዬ ከአልጋው ላይ ጠንከር ያለ ሳል ሳለች።

«እንዲያው ነው» አለች ባየች። «ወሬ ነው፣ የሰማሁት።»

ነፃነት ትንሽ ቆማ አየቻት። ምናልባት ሌላ ጥያቄ ልትጠይቅ ነበር። ታንኳ ቀዛፊው ከውጭ «ነርስ፣ ዳመና መጣ!» ብሎ ሲጣራ ግን ሳጥኗን አንግታ ወጣች።

ባየች ፈራች። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ብትናገር፣ ሦስቱን የወሰደው ነገር እዚያው ጣሪያው ላይ ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል፤ በአራት ዓይና ሽማግሌ ፊት መስክራ ልጇን ለሱ እንዳስረከበች ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ባትናገር፣ ቢጫው አለ። ሦስቱን ጊዜ ምንም አልተናገረችም ነበር፤ ዝም ብላ ነው የቀበረቻቸው። ዝምታው አንዱንም አላተረፈላትም። ይህን ስታስብ ማማሰያው ከእጇ ወድቋል፤ እሷም በሩን አልፋለች።

የሦስት ቀን አራስ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ስትሮጥ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። አያምርም። ሁለት ጊዜ ወደቀች። ነፃነት አንድ እግሯን ታንኳው ላይ አድርጋለች።

«አንቺ ልጅ! ቁሚ!» አለች ባየች።

ነፃነት ዞረች።

«የኔ ነው!»

«ምኑ?»

«ልጁ! ልጁ የኔ ነው! እኔ ነኝ የወለድኩት! ያቺ ሴት እኔ ነኝ! ሦስቱ ቢጫ ሆነው ሞቱብኝ፤ ይኼም የኔ ልጅ ነው!»

ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ውኃው ደግሞ ድምፅ ያሻግራል። ማዶ ሩዝ የሚያርሙት ሰዎች ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ባየች ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ያ እንኳ ከረፈደ ነው።

ነፃነት አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፣ ታብሌቷንም አላወጣችም። «በይ፣ አምጪው እንሂድ» አለች፣ እንዲሁ።

ማናዬ ከአራስ አልጋዋ ተነሥታ በሩ ላይ ደርሳለች። «ገደልሽው!» አለች። «በገዛ አፍሽ ገደልሽው፣ አንቺ ቀባጣሪ!» እያለቀሰች ነበር። እንዲህም እያለች ልጁን በራሷ ጋቢ ጠቅልላዋለች። ባየች ተመልሳ ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ ግን ገፋ አደረገቻት። «በበር አይሆንም! ምን ቢቸኩሉ በበር ይሰጣል?» ብላ በጓሮ ዞረች፤ ልጁንም በአጥሩ ላይ ለነርሷ አቀበለቻት። ነፃነት ከአጥሩ ማዶ በጭቃ ውስጥ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ተቀበለች። ሥልጠናው ላይ ይህ አልነበረም።

ታንኳው ላይ ባየች ልጁን ታቅፋ ተቀመጠች። ከተወለደ ጀምሮ ሳትጠራ ስታቅፈው ይህ መጀመሪያዋ ነው። ነፃነት አጥቢው አለቻት፤ አጠባችው። ጠብቶ ጠብቶ ይተኛል፤ ሲተኛ ትሸበራለች፣ ትነቀንቀዋለች፣ ይነጫነጫል፣ ትረጋጋለች። ፊቱን ለማየት ግን አልደፈረችም። ዓይኗን ውኃው ላይ ተክላ፣ «እኔን፣ እኔን ውሰድ፣ እኔ ትልቅ ነኝ» ትላለች በሆዷ። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አገኙ። ባለ ባጃጁ ጎዳናው ላይ የተኙትን ላሞች በጥሩምባ እያባረረ ወረታ አደረሳቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ መነጽር ያደረገ፣ እንቅልፍ ያላየ ፊት ያለው። የባየችን ደም አዩ። ኔጌቲቭ ነው። ሐኪሙ የቀድሞዎቹን ሦስቱን ልጆች አንድ በአንድ ጠየቃት፤ ስንት ቀን ኖሩ፣ በስንተኛው ቀን ቢጫ ሆኑ። ለሌላ ሰው ተናግራው የማታውቀውን ሁሉ ተናገረች። ሐኪሙ እየሰማ ሲሄድ ወደ ነፃነት ማየት አበዛ። ልጁን ልብሱን አወለቁት፣ ዓይኑን በጨርቅ ሸፈኑለት፣ ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት።

«አሁን የሱን ደም እናያለን» አለ ሐኪሙ። «እንደ ወንድሞቹ ከሆነ ደም መቀየር ሊኖርብን ነው። ለሱ ባሕር ዳር ትሄዳላችሁ። ቀላል ነው አልልሽም።»

ባየች የሰማችው፣ እንደ ወንድሞቹ የሚለውን ብቻ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ደም ቀድቶ ወጣ። ተመለሰ። እንደገና ቀድቶ ወጣ። ባየች የገበሬ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሊያይ የሚሄድ ሰው ደህና ነገር ይዞ እንደማይመለስ ታውቃለች። ሰምቷል፣ አለች በልቧ። ሜዳ ላይ ቆሜ ጠራሁለት፣ መጣ። ነፃነት አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት፤ እሷ ደግሞ እጇን ነጠቀቻት። ጠላቻት። እሷ ባትመጣ ኖሮ የማናዬ ልጅ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ገባ።

«ሁለት ጊዜ አየነው፣ እንዳንሳሳት ብለን» አለ። «ልጁም ኔጌቲቭ ነው።»

ባየች ጮኸች። ሁለቱም ደነገጡ።

«አይደለም፣ አይደለም፣ ደስ የሚል ነው!» አለች ነፃነት። «ባየች፣ ስሚኝ። ደሙ እንዳንቺ ነው። እንዳንቺ ከሆነ ያንቺ ደም አያጠቃውም። የራሱ ነው፣ ያውቀዋል። ሾተላይ አይነካውም።»

«ቢጫውስ? ቢጫ ሆኗል እኮ!»

«ቢጫው ብዙ ሕፃን ላይ የሚመጣ ነው» አለ ሐኪሙ። «ይኼን ያባሰበት ወተት አለመጥገቡ ይመስለኛል። በቀን ስንት ጊዜ ታጠቢዋለሽ?»

«ስጠራ።»

«ማን ሲጠራሽ?»

«ተወው ዶክተር» አለች ነፃነት፣ «እሱን እኔ እነግርሃለሁ።»

ባየች አልሰማቻቸውም። እንደሷ ነው። ያ ሁሉ ሩዝና አጥር፣ ያ ሁሉ «ልጅ የለኝም»፣ የሷ መሆኑ እንዳይታወቅ ነበር። የተረፈው ግን የሷ ስለሆነ ነው። ቢስቁበት ነው ቢያለቅሱበት? ሁለቱም አብረው መጡባትና የቀሚሷን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ቀስ ብላ፣ «እነዚያስ? ሦስቱስ?» አለች።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እነሱን አላየናቸውም፤ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። ግን ባባታቸው ደም የወጡ ይመስለኛል» አለ። «የማንም ጥፋት አይደለም። ዕጣ ነው። የሚቀጥለው ሲረገዝ ገና ከጅምሩ እዚህ ትመጫለሽ፣ እንከታተልሻለን። ለጥናቱም የባልሽን ደም ማየት አለብን።»

ያን ቀን ልጁ ሲጠባ ዋለ። ከመብራቱ ሥር ያወጡታል፣ ይጠባል፣ ይመልሱታል፣ ያለቅሳል፣ ይጠባል። ባየች አጠገቧ ላለችው አራስ «ልጄ ነው» አለቻት፤ ሴትዮዋ አልጠየቀቻትም ነበር። ወለሉን ለምታጸዳዋ ነገረቻት። ምግብ ይዞ የገባ የሰው ባል ሳይቀር ተነገረው። ዘበኛው መስኮት ዝጉ ሊል ብቅ ቢል፣ «ልጄ እኮ ነው» አለችው። እሱም «ያሳድግልሽ» ብሎ ሄደ።

አመሻሹ ላይ ደሞዝ ደረሰ። ወሬውን ከብቶቹ ዘንድ ሆኖ ሰምቶ፣ እስከ ጭኑ ጭቃ ሆኖ፣ ዱላውን እንደያዘ ገባ። በሩ ላይ ቆመ፤ ለመግባት ፈርቷል። ፊቱን ስታየው ምን ብሎ እንደመጣ ገባት። ሊቀብር ነው የመጣው። ሦስቱንም ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነው፤ ማንንም አስነክቶ አያውቅም።

«አለ» አለችው ቶሎ ብላ። «አለ፣ ደሞዝ። ይድናል አሉኝ። ደሙ እንደኔ ሆኖ ነው።»

ደሞዝ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ዱላው ወደቀ። አነሣውና እንደገና አስደገፈው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጋቢውን ገለጠና ልጁን፣ ጡቷ ላይ ያንቀላፋውን፣ አየው።

«እንዳንቺ ነው አሉሽ?» አለ።

«እንደኔ ነው።»

«ጭራሽ? ከኔ ምንም የወሰደው የለም?» አለ፣ ቅር እንደማለት ብሎት። ደሞዝ ሞኝ ሰው አይደለም፤ ግን ደስታ ሲመጣበት የሚናገረው አያውቅም።

ባየች መልሱን ምላሷ ላይ አገኘችው። ካንተ የወሰዱት የሞቱት ሦስቱ ናቸው። ነገ ደሙን ሊቀዱት ሲጠሩት ሐኪሙ ይነግረዋል፤ መንገሩም አይቀርም፤ ያወቀ ቀን ያን ሦስት ጉድጓድ እንደገና ይቆፍረዋል። ቀኑን ሙሉ ለአላፊ አግዳሚው እውነት ስትናገር የዋለች ሴት ይህቺን ግን ዋጠቻት። ልጁን ከጡቷ አላቀቀችና ፊቱን ወደ አባቱ አዞረች፤ በዚያውም ራሷ ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩራ አየችው።

«አፍንጫውን አታይም?» አለችው። «ድፍን ያንተን!»

ደሞዝ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። የገዛ አፍንጫውን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገ።

«እውነትሽን ነው» አለ።